በአጭር ተከታታይ ድራማ ምርጥ መሪ ተዋናይን መምረጥ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ዳኞች የአሠራር መመሪያ

«ምርጥ መሪ ተዋናይ ስንመርጥ ሁሌ እንጨቃጨቃለን፤ በመጨረሻም ብዙ ያለቀሰው ያሸንፋል። በምን እንለካ?» ይህ ጥያቄ ከድሬዳዋም ከሐረርም፣ ከትያትር ክበባትም ከወጣት ማዕከላትም ደጋግሞ ይመጣል። መመሪያው የተጻፈው በጥቂት ክፍሎች ተጀምሮ የሚያልቅ ድራማን ለመዳኘት አምስት ስድስት ሆናችሁ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ለምትቀመጡ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። አጭር ተከታታይ እንደ ፊልም በሁለት ሰዓት አያልቅም፤ እንደ ረጅም ድራማም ተዋናዩ ገጸ ባሕርይውን ለዓመታት አይለማመደውም። አራት፣ ስድስት ወይም ስምንት ክፍል ተሰጥቶት በዚያ ውስጥ አንድን ሰው ጀምሮ መጨረስ አለበት። ነጥብ የምትሰጡት ለዚያ ተሠርቶ ለተጨረሰው ሰው ነው። ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ እሱን በግልጽ እንድታዩ የተሰናዱ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ክፍሎቹ በሙሉ የተጫኑበት ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ። በኢንተርኔት በቀጥታ አትመልከቱ። መስመሩ ሲንቀራፈፍ ምስሉ ይደበዝዛል፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ የዓይንና የከንፈር እንቅስቃሴ ነው።
- 43 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ቴሌቪዥን። ፕሮጀክተር የሚሆነው ከመሸ በኋላ ብቻ ነው፤ በድሬ የቀን ብርሃን ጨለም ያሉ ትዕይንቶች ጨርሶ አይታዩም።
- ለብቻው የሚሰካ ስፒከር እና ቢያንስ አንድ ጥሩ ኢርፎን።
- ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ ለመቀጠል።
- ለእያንዳንዱ ዳኛ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ለእያንዳንዱ ተዋናይ አንድ የውጤት ቅጽ፣ ሰዓት መያዣ ያለው ስልክ።
- 5 ዳኞች እና ነጥብ የማይሰጥ 1 አስተባባሪ።

እርምጃ 1፦ ድራማው ለምድቡ መብቃቱን አረጋግጡ

መነሻ መለኪያ ካስፈለጋችሁ የአሜሪካው የቴሌቪዥን ሽልማት ኤሚ የሚጠቀምበትን ውሰዱ፦ ቢያንስ ሁለት ክፍል፣ በድምሩ ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ታሪኩም እዚያው የተቋጨ። ለአካባቢ ወጣቶች ሥራ 150 ደቂቃ ከበዛ ወደ 60 ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ብቻ ቁጥሩን ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት ጽፋችሁ ለጥፉት። ሥራዎቹ ከገቡ በኋላ የሚቆረጥ መለኪያ የአንዱን ተወዳዳሪ ልክ መምሰሉ አይቀርም።

«ይቀጥላል» ብሎ የሚያበቃ ድራማ አትቀበሉ። የገጸ ባሕርይው መድረሻ ካልታየ ተዋናዩ መንገዱን በምን ያህል ልክ እንደመተረ የሚታወቅበት ዘዴ የለም።

እርምጃ 2፦ መሪው ማን እንደሆነ ቁረጡ

እዚህ ላይ የሚፈጸም ስህተት ውጤቱን ከሥር ያበላሸዋል። ሁለት ክፍል ምረጡ፤ አንዱ ከመጀመሪያ፣ አንዱ ከመሐል። ሰዓት መያዣውን ተጠቅማችሁ እያንዳንዱ ዋና ተዋናይ በምስሉ ላይ የቆየበትን ደቂቃ ለኩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ የዚህ ሰው ውሳኔ ቢወጣ ታሪኩ ይቆማል? ደቂቃው ብዙ ሆኖ ውሳኔው ታሪኩን ካላንቀሳቀሰ ሰውዬው ረዳት ተዋናይ ነው።

የደቂቃ ልኬት ከንቱ ድካም እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤለን በርስቲን በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ውስጥ ለ14 ሰከንድ ያህል ብቻ ታይታ በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ለኤሚ ታጨች። ከዚያ በኋላ በዚያው ምድብ ረዳት ተዋናይ ቢያንስ ከጠቅላላው ርዝመት 5 በመቶ ላይ መታየት አለበት የሚል ደንብ ወጣ። ዝና ያለው ስም ዝርዝር ላይ ሲታይ ሰው ሥራውን ሳያይ ይመርጣል፤ የደቂቃ ልኬት ይህን ይከላከላል።

ወንድና ሴትን ለየብቻ ትሸልሙ እንደሆነም አሁን ወስኑ።

እርምጃ 3፦ ዳኞችን ምረጡ

አምስት ይሁኑ። ሦስት ሲሆኑ የአንድ ሰው ስሜት ውጤቱን ይገለብጠዋል፤ ከሰባት ሲበልጡ ደግሞ ክፍሎቹን ሁሉ በአንድነት ማየት አይቻልም።

ድሬም ሆነ ሐረር ሰው የማይተዋወቅበት ከተማ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዳኛ ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ያለውን ዝምድና፣ የሥራ ግንኙነትና የገንዘብ ጉዳይ አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቅ። ዘመዱ ወይም የቡድን ባልደረባው ላለበት ሥራ ነጥብ አይስጥ፤ ሌሎቹን መዳኘት ይችላል። አንድ ሰፈር ማደግ ብቻውን አያስወጣም፤ ያማ ቢሆን ከድሬው ከከዚራ ሰፈር ዳኛ አይገኝም ነበር።

ቋንቋ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ተወዳዳሪው በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ ከተጫወተ ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ቋንቋውን በደንብ የሚሰሙ ይሁኑ። ጽሑፍ እያነበቡ ብቻ የሚዳኙ ሰዎች ቃሉን ያገኛሉ፤ ቃሉ እንዴት እንደተባለ ግን ያመልጣቸዋል።

እርምጃ 4፦ ሰዓቱንና ክፍሉን አሰናዱ

ስድስት ክፍል በ50 ደቂቃ 300 ደቂቃ ነው፤ አምስት ሰዓት። በአንድ ቁጭታ አትጨርሱት። በአንድ ምሽት ሁለት ክፍል፣ በመሐሉ የ15 ደቂቃ ዕረፍት፣ በሦስት ምሽት ይለቅ። ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ዓይን ታሪኩን እንጂ ተዋናዩን መከተል ያቆማል።

ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለውን ተዉት። ሙቀቱ ያደክማል፤ ቬንትሌተሩ በሙሉ ኃይል ሲዞር ደግሞ በለሆሳስ የተባለ ንግግር ይውጣል። ከምሽቱ 12፡30 ጀምሩ፤ ቬንትሌተሩን ከተመልካቹ ጀርባ አርቁት። ሐረር ላይ አየሩ አያስቸግርም፤ በጀጎል ቤት ነደባ (ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫ) ላይ የምታዩ ከሆነ ግን ከጎን በኩል የተቀመጠ ሰው ምስሉ ደብዝዞ ይታየዋል። ነጥብ ሰጪዎቹ ፊት ለፊት፣ እንግዳ ደግሞ ከዳር ይቀመጥ፤ ክብር ላለው እንግዳም ምክንያቱን ነግራችሁ ይቅርታ ጠይቁ።

ስለ በርጫ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ጫት ተይዞ ድራማ ማየት እዚህ የተለመደ ነው፤ ለዳኝነት ግን አይሆንም። በምርቃናው ሰዓት ሁሉም ትዕይንት ጥልቅ ይመስላል፤ ምርቃናው ሲወርድ ቀጥሎ የሚታየው ተዋናይ ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። በርጫ ካለም ከዕይታው በኋላ ይሁን፤ ነጥብም በዚያን ሰዓት አይጻፍ።

የቴሌቪዥኑን ቅንብር አንዴ አስተካክሉና አትንኩት። እንቅስቃሴን «የሚያለሰልሰውን» ቅንብር አጥፉ፤ የፊትን እንቅስቃሴ ሰው ሠራሽ ያስመስላል። የምስሉ ቅርጽ እንዳልተለጠጠ እዩ፤ ፊት ወደ ጎን ከሰፋ ጥቃቅኑ ነገር ይበላሻል። የድምፁንም ልክ ለሁሉም ሥራ አንድ አድርጉ። ፍጥነት ጨምሮ ማየት በፍጹም አይፈቀድ፤ ተዋናዩ ዝም ያለበት ርዝመት የሥራው አካል ነው።

እርምጃ 5፦ ነጥብ ሳትሰጡ እዩ፣ ጻፉ

በመጀመሪያው ዕይታ ቁጥር የሚባል ነገር አይኖርም፤ ማስታወሻ ብቻ። ማስታወሻውም ሦስት ነገር ይያዝ፦ ክፍልና ደቂቃ፣ ተዋናዩ ያደረገው፣ ያ ምን እንደለወጠ።

የማይጠቅም ማስታወሻ፦ «በጣም አሪፍ፣ አስለቀሰችኝ።»

የሚጠቅም ማስታወሻ፦ «ክፍል 3፣ 22፡40። የባሏን ስም ስትሰማ ሻይ ማማሰሏን አላቋረጠችም፤ ማንኪያው ግን ቀስ አለ። እንደሰማች እኛ አወቅን፣ እንግዳው አላወቀም።»

ሁለተኛው ማስታወሻ ከሁለት ሳምንት በኋላም ክርክር ላይ ይቆማል። ማንም ወደ ደቂቃው ተመልሶ ሊያየው ይችላል፤ ዳኛው የተሰማውን ሳይሆን ተዋናይዋ የሠራችውን ይዟል። ለአንድ ክፍል ከአምስት እስከ ስምንት ማስታወሻ ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ዓይናችሁ ደብተር ላይ እየዋለ ነው።

በተለይ ተዋናዩ በማይናገርባቸው ጊዜያት ላይ ጻፉ። የሌላውን ንግግር እየሰማ ነው ወይስ የራሱን ተራ እየጠበቀ? የሚጠብቅ ተዋናይ ፊቱ ሌላው ሲጨርስ ይነቃል፤ የሚሰማ ተዋናይ ፊቱ በንግግሩ መሐል፣ የሚነካው ቃል ላይ ይለወጣል። ደካማውንና ጠንካራውን ለመለየት ከዚህ የሚበልጥ ፈተና የለም።

እርምጃ 6፦ ለእያንዳንዱ ተዋናይ አራት ትዕይንት መዝግቡ

1. መጀመሪያ የታየበት።
2. ከመሐል ክፍሎች፣ ሰውዬው ተመልሶ የማይሽረውን ነገር ያደረገበት።
3. ምንም ትልቅ ነገር የማይሆንበት፤ ምግብ ሲበላ፣ ታክሲ ሲጠብቅ።
4. የመጨረሻው ክፍል መዝጊያ።

አራቱን ተከታትላችሁ እያንዳንዳቸውን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ድገሟቸው። ለምን ቢባል፣ ቀረጻ በክፍል ተራ አይሄድም። አንድ ቤት ሲገኝ በዚያ ቤት የሚሠራው ትዕይንት ሁሉ፣ ከክፍል አንድም ይሁን ከክፍል ስድስት፣ በአንድ ሰሞን ይቀረጻል። ተዋናዩ ጠዋት የተሰበረውን ሰው፣ ከሰዓት ገና ያልተሰበረውን ሊጫወት ይችላል። አራቱ ትዕይንቶች ተደርድረው ለውጡ በልክ በልክ ከታየ፣ ተዋናዩ መንገዱን በጭንቅላቱ ይዞት ነበር ማለት ነው። በክፍል ሁለት የነበረው ድካም በክፍል አራት ጠፍቶ በአምስት ከተመለሰ መንገዱ ተቆርጧል። (በርግጥ የአዘጋጁም ድርሻ አለበት፤ ግን በተዋናዩ ሰውነት ላይ ስለሚታይ ለዚህ ሽልማት ይቆጠራል።)

አንድ ሰው ብዙ ዕድሜ ወይም ሁለት ሰው ሲጫወት ይህ መንገድ ይበልጥ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአጭር ተከታታይ መሪ ተዋናይ ዘርፍ ኤሚ ያገኘው ጃሬል ጀሮም፣ የአምስት ልጆችን ታሪክ በሚተርከው «ዌን ዜይ ሲ አስ» ላይ ገጸ ባሕርይውን በልጅነቱም በአዋቂነቱም ራሱ ተጫወተ፤ የሌሎቹ አራት ልጆች ድርሻ ግን ለሁለት ሁለት ተዋንያን ተከፍሎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ማርክ ሩፋሎ መንትያ ወንድማማቾችን ተጫውቶ አሸነፈ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲገጥማችሁ ፀጉርና ልብስ እንዳያታልላችሁ የምስሉን ግማሽ በወረቀት ሸፍናችሁ እጅን ብቻ፣ ወይም ትከሻን ብቻ እዩ። ሁለቱን መለየት ከቻላችሁ የተዋናዩ ሥራ ነው። ካልቻላችሁ ልዩነቱን የሠራው ሜክአፕ ነው።

እርምጃ 7፦ የሌሎችን ሥራ ቀንሱ

ብዙ ዳኝነት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ሙዚቃ። ያስለቀሳችሁን ትዕይንት ድምፁን ዘግታችሁ ድገሙ። ያለ ሙዚቃው ፊቱ ባዶ ከሆነ ያለቀሳችሁት ለክራሩ ነው። ቀጥሎ ምስሉን ሸፍናችሁ በኢርፎን ድምፁን ብቻ ስሙ። ትንፋሹ ቃሉን ቀድሞ ይመጣል? ወይስ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ በአንድ ዜማ ይወርዳል?

ኤዲቲንግ። አንድ ደቂቃ የሚሆን ከባድ ትዕይንት ወስዳችሁ ምስሉ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ ቁጠሩ። ሃያ ጊዜ ከተቆረጠ ስሜቱን በአብዛኛው የገነባው ኤዲተሩ ነው። አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ ከሆነ ሸክሙን ተዋናዩ ተሸክሞታል። ስቴፈን ግራሃም እ.ኤ.አ. በ2025 ኤሚ ባሸነፈበት «አዶለሰንስ» ላይ አራቱም ክፍሎች እያንዳንዳቸው ሳይቆረጡ በአንድ ቀረጻ የተሠሩ ናቸው፤ እዚያ ኤዲተር የሚያድነው ተዋናይ የለም። ቢሆንም ቀረጻው ስላልተቆረጠ ብቻ ነጥብ አትጨምሩ። የሚታየው በዚያ ነፃነት ተዋናዩ ምን እንዳደረገ ነው።

ጽሑፍ። ጥሩ ቃለ ተውኔት ማንንም ያስመሰግናል። ስለዚህ ደካማ መስመር የተሰጠበትን ትዕይንት ፈልጋችሁ እዚያ እዩት፤ ጎበዝ ተዋናይ ደካማ መስመርን ምክንያት ሰጥቶ ያልፈዋል።

ዳቢንግ። ወደ አማርኛ በተመለሱ ድራማዎች የምትሰሙት ድምፅ የተዋናዩ አይደለም፤ ስቱዲዮ ውስጥ የቆመ የሌላ ባለሙያ ነው። ዋናውን ቅጂ ከትርጉም ጽሑፍ ጋር ፈልጉ። ከቶ ካልተገኘ ለድምፅ የተመደበውን 15 ነጥብ አውጡና ከ85 አስሉ፦ 68 ከ85 ካገኘ፣ 68 ÷ 85 × 100 = 80። ለድምፁ ገምታችሁ ነጥብ አትስጡ፤ የአንዱን ሰው ሥራ ለሌላው ትሰጣላችሁ።

እውነተኛ ሰው ሲሆን። ተዋናዩ በሕይወት የነበረ ሰው ከተጫወተ፣ የዚያን ሰው ቪዲዮ የምታዩት ነጥብ ከሰጣችሁ በኋላ ነው። አስቀድማችሁ ካያችሁ ዳኝነቱ መመሳሰልን ወደ መቁጠር ይዞራል።

የአካባቢ አነጋገር። የድሬ ወይም የሐረር ሰው የሚጫወት ተዋናይ ሲመጣ እናንተ ከማንም በተሻለ ትሰሙታላችሁ። በየዓረፍተ ነገሩ «አቦ» መጨመር የድሬን አነጋገር አያመጣም። የምትሰሙት ተዋናዩ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ሶማልኛ የሚሻገርበትን ቦታ ይሁን፦ ከማን ጋር፣ በምን ስሜት፣ ሳያስብ ይሻገራል? እዚያ ላይ የተጠና ሥራ ወዲያው ይታወቃል።

እርምጃ 8፦ ነጥብ ስጡ

- ከክፍል አንድ እስከ መጨረሻው የተሠራ ለውጥ፦ 30
- መስማትና ምላሽ መስጠት፦ 20
- ወጥነት (ድካም፣ ቁስል፣ ልማድ፣ አረማመድ በየክፍሉ መያዙ)፦ 20
- ድምፅና ንግግር፦ 15
- አካልና ፊት፦ 15

ለውጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው አጭር ተከታታይን ከሌላው የሚለየው እሱ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ዳኛ ብቻውን፣ ሳይነጋገር፣ በማግስቱ ጠዋት ይሙላ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አንድ የክፍልና የደቂቃ ማስረጃ ይጻፍ፤ ማስረጃ የሌለው ቁጥር አይቆጠርም።

ከውድድሩ በፊት ከምድቡ ውጭ የሆነ አንድ ትዕይንት መርጣችሁ ሁላችሁም ለልምምድ ነጥብ ስጡት። አንዱ ዳኛ ከ40 እስከ 95 እየተዘረጋ ሌሎቹ ከ75 እስከ 85 ብቻ ከሰጡ፣ አሸናፊውን ያ አንዱ ሰው ብቻውን ይወስናል። ይህን በልምምዱ ላይ ካያችሁ ተነጋግራችሁ 50፣ 70 እና 90 ምን ማለት እንደሆኑ ተስማሙ።

እርምጃ 9፦ ተወያዩ፣ ደምሩ

አስተባባሪው ቅጾቹን ሰብስቦ ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። በዳኞች መካከል ከ15 ነጥብ በላይ ልዩነት ያለበትን ብቻ አንሡ፤ በማስረጃነት የተጻፈውን ደቂቃ እንደገና ተመልከቱ።

ንግግሩን የሚጀምረው በዕድሜ ትንሹ ዳኛ ይሁን። ጋሼ ወይም እትዬ ቀድመው ከተናገሩ ታናናሾቹ በአክብሮት ዝም ይላሉ፤ አምስት ዳኛ ሰብስባችሁ የአንድ ሰው ፍርድ ትወስዳላችሁ። ታላላቆቹ ይህን ተራ ከመጀመሪያው ቀን እንዲያውቁት አድርጉ፤ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይቀበሉታል። ቁጥሩን የቀየረ ዳኛ ምክንያቱን ቅጹ ላይ ይጻፍ።

ከዚያ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ጣሉ፣ የቀሩትን ሦስት አማካይ ውሰዱ። ለምሳሌ 88፣ 84፣ 83፣ 79፣ 61 ቢሰጥ፦ 88 እና 61 ይወጣሉ፤ (84 + 83 + 79) ÷ 3 = 82። ሁሉንም ደምራችሁ ቢሆን 79 ይመጣ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን ሦስት ነጥብ ጎተተ ማለት ነው።

በሁለት ተዋንያን መካከል ልዩነቱ ከ2 ነጥብ ካነሰ ቁጥሩን ተዉት። የሁለቱንም አራት አራት ትዕይንት በተከታታይ እዩና በምስጢር ድምፅ ስጡ።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

እንባን እንደ ትወና መቁጠር። እንባ በዓይን ጠብታ መድኃኒትም ይመጣል። የሚታየው ሰውዬው እንባውን ለመያዝ ምን እንዳደረገ ነው።

ጩኸት። ክፍል አንድ ላይ የጮኸ ተዋናይ ለክፍል ስድስት የሚያስቀረው የለውም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ምን ያህል እንደቆጠበ ጻፉ።

ገጸ ባሕርይውን መውደድ። ክፉ ሰው የተጫወተ ተዋናይ ከደግ ሰው እኩል ይዳኛል። «አስጠላኝ» የሚል ማስታወሻ ከመጣ ቀጥሎ «ምን አድርጎ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው ክፍል ውለታ። ጥሩ መዝጊያ ደካማ መሐልን ያስረሳል። ነጥብ ከመጻፋችሁ በፊት የክፍል ሁለትንና የሦስትን ማስታወሻ አንብቡ።

የዕይታ ተራ። መጨረሻ የታየ ሥራ ትኩስ ሆኖ ይቀራል። ተራውን በዕጣ አውጡ፤ ከነጥብ በፊትም የሁሉንም አራት ትዕይንቶች በሌላ ተራ ድገሙ።

ችግር ሲገጥም

መብራት በትዕይንት መሐል ከጠፋ ወደ ላፕቶፕ ቀይሩና ከትዕይንቱ መጀመሪያ ጀምሩ፤ ካቆመበት አትቀጥሉ። ስሜቱ የሚገነባው ከመነሻው ነው።

አንድ ዳኛ አንድ ክፍል ካመለጠው በማግስቱ ለብቻው ይየው። ካላየው ለዚያ ሥራ ነጥብ አይሰጥም፤ «ተርኩልኝ» ማለት አይተካውም። በዚህ ምክንያት አራት ዳኛ ብቻ ከቀሩም ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ጥላችሁ የሁለቱን አማካይ ውሰዱ።

የጎደለ ወይም የተበላሸ ክፍል ካለ ባለሥራውን አስጠርታችሁ ሦስት ቀን ስጡት። ካላመጣ ሥራው ከምድቡ ይውጣ፤ በአምስት ክፍል የታየ ተዋናይ ሙሉ ስድስቱ ከታየለት ጋር አይወዳደርም።

ቅጾቹንና ደብተሮቹን ቢያንስ እስከሚቀጥለው ውድድር አስቀምጡ። ያላሸነፈ ተዋናይ መጥቶ ሲጠይቅ ቁጥሩን ብቻ አትንገሩት፤ የተጻፉትን ደቂቃዎች አሳዩት።